የዝናሽ ቀኝ ክንድ

ዝናሽ በቀኝ እጇ ማማተብ የምትችለው በግራ እጇ ክርኗን ደግፋ ሽቅብ ስትገፋው ብቻ ነው። ካርቱም ውስጥ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ያለን አበሾች ይህን ለምደነዋል። የሰፈሩ ልጆች ማማተቧን እያስመሰሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ለሚጠይቃት አንድ መልስ አላት፤ «የቻይና መርፌ ጀምሬ አቋረጥኩ» ትላለች። ለምን እንዳቋረጠች ግን እሷ ራሷ በትክክል አታውቀውም። የማውቀው እኔ ነኝ።

ሰይፈሚካኤል እባላለሁ፤ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። በአገሬ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታስሬ ዘጠኝ ወር ተገረፍኩ፤ አንድም የጓደኛ ስም ከአፌ አልወጣም። ይህ እውነት ነው፣ ምስክርም አለኝ። ካርቱም ስገባ የቀደሙኝ ስደተኞች ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «አፉን ያልፈታው ሰይፈ» ይሉኝ ነበር። ስሙን ወደድኩት። በካርቱም ሙቀት እንኳ እንደ ካፖርት ለብሼው ነበር የምዞረው።

ዝናሽ የጭልጋ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ እጇ ላይ ቀሩ፤ እነሱን ላስተምር ብላ በመተማ ተሻገረች። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጨደች፣ ካርቱም ደርሳ ማዮ በሚባለው የድሃ ሰፈር ልብስ አጠበች፤ በመጨረሻ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ከአንድ ደኅና ቤት ገባች። ወንድሞቿ ተምረው ሰው ሆኑ። ትልቁ ሲያገባ ግን አልነገራትም። ወሬውን የሰማችው ከአንድ የጎንደር ሾፌር ነው። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ «ጋሽ ሰይፈ፣ ብጠራ ኖሮ ወጡን ሁሉ እጨርስባቸው ነበር፤ ያንን ፈርተው ነው» አለችኝ። ዝናሽ እንዲህ ናት። በሌላው ሰው ጥፋት እሷ ሰበብ ትፈልጋለች።

የአል-ጣኢፉ ቤት የአቶ አብዱልወሃብና የሚስቱ የሲት፣ ማለት የወይዘሮ፣ ኢቅባል ነው። ሲት ኢቅባል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ የሚወርድ ሴት ናት። ዝናሽን የቀጠሯት ግን ለእነሱ ሳይሆን ለአብዱልወሃብ እናት ለሀጃ ሀዋ ነበር። ሀጃ ሀዋ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኗል፣ ዓይኗም ደክሟል፣ ስኳርም አለባት። ዝናሽ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ በቀን አራት ጊዜ እያቀፈች አነሳቻት። አሮጊቷ ሁልጊዜ የምትንጠለጠለው በዝናሽ ቀኝ ትከሻ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ያ ትከሻ እንቢ አለ። ክንዱ ከደረት በላይ አልነሳ አለ።

ሲት ኢቅባል ክፉ ሴት አልነበረችም። ሁለት ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ክኒንም መርፌም ሞከሩላት፣ አልሆነም። በመጨረሻ በራሷ መኪና ወደ ዶክተር ፌንግ ክሊኒክ አመጣቻት። እኔ እዚያ መዝጋቢና አስተርጓሚ ነበርኩ። ዶክተሯ ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ትነጋገራለች፣ እኔ ለሱዳኖቹ በዓረብኛ፣ ለእኛ ሰዎች በአማርኛ እመልሳለሁ። ከዝናሽ ጋር የቤተ ክርስቲያን ትውውቅ ነበረን። በሩ ላይ ስታየኝ እናቷን ያገኘች ነው የመሰለችው።

ዶክተር ፌንግ ቁመቷ አጭር፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ሳቅ የማታውቅ ቻይናዊት ናት። የትም ቢያምህ፣ እሷ መርፌ የምትሰካው ሆድ ላይ ብቻ ነው። ሱዳኖቹ «ጉልበቴን አመመኝ ስላት ሆዴን ትወጋኛለች» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ሆኖም ይመጣሉ። ሥራዋ እንዲህ ነው፦ በሽተኛው በጀርባው ይተኛል። በትንሽ ማስመሪያ ከእምብርቱ ተነስታ ትለካና ቆዳው ላይ በቀለም ነጥብ ታደርጋለች። እንደ እሷ አባባል ሆድ ላይ አንዲት ኤሊ ተኝታለች። ራሷ ከእምብርት ከፍ ብሎ ወደ ደረት ነው፤ የፊት እግሮቿ ትከሻና ክንድ ናቸው፣ የኋላ እግሮቿ ጉልበት። የታመመውን ቦታ ኤሊዋ ላይ ትፈልገዋለች። ከዚያ ከፀጉር የቀጠነ መርፌ ቆዳውን እልፍ እስኪል ብቻ ትሰካና «አሁን አንቀሳቅሰው» ትላለች። ዝናሽ ይህን ስተረጉምላት ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን ለቀቀችው። «እና የታመመችው ኤሊዋ ናታ! እኔ በነፃ ነው የተሰቃየሁት» አለች።

በመጀመሪያው ቀን ክንዷ ከደረቷ ከፍ አለ። በሁለተኛው ትከሻዋ ድረስ ደረሰ። እኔ በኤሊ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ዶክተር ፌንግ አንድ የማትለውጠው ሕግ ነበራት፤ አምስት ጥያቄዎች። ማንም ሰው ከመተኛቱ በፊት እኔ እጠይቃለሁ፦ በልተሻል ወይ? አርግዘሻል ወይ? የወር አበባሽ መቼ መጣ? ሆድሽ ተቀዶ ያውቃል ወይ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ? መልሱን በወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጌ እፈርማለሁ። ባዶ ሆድ ላይ መርፌ ሲገባ ሰው ራሱን ይስታል፤ የነፍሰ ጡር ሆድ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ከእኔ በፊት የነበረው መዝጋቢ ሳይጠይቅ ምልክት አድርጎ ተገኘና በዚያው ቀን አሰናበተችው። ይህንን በተቀጠርኩበት ሰዓት ነበር የነገረችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

በዚያ ዓመት፣ ማለት የሱዳን ጦርነት ሊነሳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ረመዳንና የእኛ ጾም ገጠሙ። ዶክተር ፌንግ ሙስሊሞቹን ሁሉ ከኢፍጣር በኋላ አደረገቻቸው፤ ቀኑን ደግሞ ለክርስቲያኖች ሰጠች። ክርስቲያን ይበላል ብላ ነው። ድልድሉን ራሷ አውጥታ በር ላይ ለጠፈችው፣ በጣምም ኮራችበት። የእኛ ሰው ሕማማት ላይ ከሙስሊሙ ይብስ እንደሚጾም የነገራት የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከጾም ጋር ከተለያየን ሠላሳ ዓመት አልፎናል፤ ትዝም አላለኝ። በየጠዋቱ የክሊኒኩን በር ዘግቼ ፉሌን በዘይት አጥግቤ እበላ ነበር።

ዝናሽ ግን ትጾማለች። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሕማማት እስከ ማታ። አሠሪዎቿ ይህን አያውቁም፤ ያላወቁትም በእሷ ምክንያት ነው። ሀጃ ሀዋ ስኳር ስላለባት ሐኪሙም ሼሁም ብይ ብለዋታል። አሮጊቷ ግን ቤቱ ሁሉ እየጾመ ብቻዬን እንደ ሕፃን አልበላም ብላ አፏን ትዘጋለች። ዝናሽ ዘዴ ፈጠረች። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አብረን እንበላለን» ብላ በሁለት ሳሕን አቅርባ ከአልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። ለሀጃ ታጎርሳለች፤ ከዚያ የራሷን ማንኪያ ወደ አፏ አስጠግታ ባዶውን ታላምጣለች። የሀጃ ዓይን ደካማ ነው፤ የማላመጡ ድምፅ ይበቃታል። በኋላ የራሷን ሳሕን ምግብ ወደ ድስቱ ትመልሰውና ሁለት ባዶ ሳሕን ይዛ በሲት ኢቅባል ፊት ወደ ማጠቢያው ታልፋለች። ሆሳዕና ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይህንን ስታጫውተኝ በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። «ጋሽ ሰይፈ፣ ባዶ አፍ ማላመጥ እኮ መንጋጋ ያደክማል!»

ሦስተኛው ቀጠሮዋ በሕማማት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዋለ። ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። ሲት ኢቅባል ጾመኛ ናት፣ ግንባሯን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዝናሽ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአጠገቤ ስታልፍ ዝቅ ብላ፣ «ዛሬ ኤሊዋ ባዶ ሆዷን ናት፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ» አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁና «በልተሻል ወይ» ከሚለው አጠገብ ምልክት አደረግሁ። የቀሩትንም አራቱን ካለፈው ወረቀት ገለበጥኩ። አንዱንም አልጠየቅኋትም። የቤተ ክርስቲያን እህቴን በአሠሪዋ ፊት የወር አበባሽ መቼ መጣ ማለት አፍሬ ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ጾመኛ ናት ብል ቀጠሮው ይሰረዛል፣ ሌላ ቀን የሚገኘው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ ሀጃን የሚያነሳት የለም፤ ለእሷ አስቤ ነው። ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ሰነፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለብዙ ጊዜ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ሦስተኛውን ዛሬ ነው የጻፍኩት።

ከመጋረጃው ጀርባ ዶክተር ፌንግ ለካች፣ ነጥብ አደረገች፣ ሰካች። «አሁን አንሺው» አለች፤ ተረጎምኩ። ከዚያ ዝናሽ፣ «ጋሽ ሰይፈ! ጆሮዬን ነካሁት! በእግዚአብሔር፣ ጆሮዬን ነካሁት!» ብላ ጮኸች። ክንዷ እንቢ ካለ በሰባት ወር የመጀመሪያዋ ነው። ሲት ኢቅባል ራሷ ፈገግ ብላ ብድግ አለች። ወዲያው አንድ ነገር ከአልጋው ጎን ዱብ አለ። የዝናሽ ክንድ ነበር።

መጋረጃው ሲከፈት ፊቷ አመድ ሆኗል፣ ላብ አጥምቋታል። ዶክተሯ መርፌዎቹን በፍጥነት ነቅላ፣ ዝናሽን በነጠላዋ ሸፍና፣ ከአፍንጫዋ በታች በጥፍሯ አጥብቃ ተጫነቻት። ዝናሽ ዓይኗን ገለጠች። ዶክተር ፌንግ ከእሷ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ሚስተር ሰይፍ፣ መብላቷን ጠይቀሃታል?» አለችኝ።

በእጇ የያዘችው ጥጥ ነበር። ዱላ አልነበረም፣ ሽቦ አልነበረም። አንዲት አጭር ሴት ጥጥ ይዛ ጠየቀችኝ።

ዝናሽ ነገሩ ስለ ረሃብ መሆኑ ገብቷታል። ለሲት ኢቅባል በዓረብኛ፣ «አና ሳይማ፤ ጾመኛ ነኝ» አለቻት። ሲት ኢቅባል ፊቷ ተለወጠ። «ሳይማ? በየቀኑ ከሀጃ ጋር ሳሕንሽን ጠርገሽ ስትበይ አላይሽም? ዋላሂ በዓይኔ አያለሁ!» አለች። ዝናሽ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ሰይፈ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ በፈረንጅኛው ይንገሩልኝ።»

ተናገርኩ። ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ፣ «ጠይቄአታለሁ። በልቻለሁ ነው ያለችኝ» አልኩ።

ዝናሽ እንግሊዝኛ አታውቅም። እኔ እየተናገርኩ አፌን አፌን እያየች አንገቷን ትነቀንቅ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል እያረጋገጠችልኝ። ሲት ኢቅባል ግን ሁሉንም ሰማች።

የቀረው በራሱ መንገድ ሄደ። ከበላች የጣላት ረሃብ አይደለም። ረሃብ ካልሆነ ዶክተር ፌንግን የሚያስፈራት አንድ ነገር ነው። ከምታውቃቸው ሃያ የማይሞሉ የዓረብኛ ቃላት አንዷን አወጣችና ሲት ኢቅባልን፣ «ሃሚል?» አለቻት። እርጉዝ ናት ወይ ማለቷ ነው። ጥያቄ ነበር። ሲት ኢቅባል ግን እንደ መልስ ወሰደችው። ያላገባች፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ የሆነ ሴት፣ የሲት ኢቅባል ባል ባለበት ቤት የምታድር። ምን እንዳሰበች ፊቷ ላይ አነበብኩት። አሁንም አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «አልጠየቅኋትም» የምትል። ዘጠኝ ወር ተገርፌ ያልፈታሁት አፌ ለዚያች ቃልም አልተከፈተም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሳይወጣ የቀረውስ?

በዚያው ቀን፣ አብዱልወሃብ ከሥራ ሳይመለስ፣ ዝናሽ ከነጓዟ ከበር ወጣች። ሀጃ ሀዋን አልተሰናበተቻትም፤ አላስገቧትም።

በማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ሐጅ ዩሱፍ ቤቴ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሚስቴ ወንበር ስትሰጣት አልቀመጥም አለች።

«ጋሽ ሰይፈ፣ ያን ሁሉ ተናግረውልኝ አላመኑኝም። ግን ሲት ኢቅባል አንድ በር ትታልኛለች። ያቺ ቻይናዊት ሐኪም የጣላት ረሃብ ነው የሚል ወረጋ፣ ያው የሐኪም ወረቀት፣ ከጻፈች ትመለሻለሽ ብላኛለች። የሌላ ሐኪም ቤት ወረጋ አልቀበልም፣ በገንዘብ ይጻፋል ነው የምትል።»

«እሺ» አልኳት። «ቡክራ፣ ነገ፣ ኢንሻአላህ።»

«የእኔስ ግድ የለም፤ ሀጃ ዛሬ ምሳ ከማን ጋር ትበላለች?»



ወረቀቱ አንድ መስመር ነው። ዶክተሯ ጋ ገብቼ «አልጠየቅኋትም፣ ጾመኛ መሆኗን አውቅ ነበር» ብል በዚያች ደቂቃ ትጽፈዋለች። ከዚያ እኔን ታሰናብታለች። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ያለው በዚያ ሥራ ላይ ነው፣ ዕድሜዬም ሌላ ቦታ የሚያስቀጥር አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ይበልጥ የፈራሁት ሌላ ነገር ነው፤ በየሰንበቱ «አፉን ያልፈታው» እያሉ ቦታ የሚለቁልኝን ሰዎች። ዓርብ ዶክተሯ የለችም አልኳት። ለፋሲካ ዝናሽ ያደረችበት ቤት ያሠራችውን ዶሮ ይዛ ለልጆቼ መጣች፤ እኔም በላሁ። ማክሰኞ «ዶክተሯ አልጽፍም ብላለች» አልኳት። ዝናሽ፣ «ይሁን፤ እርስዎ እንኳ ደክመውልኛል» አለች።

ለሀጃ ሀዋ አዲስ ሠራተኛ ተቀጥራ ነበር፤ ሙስሊም፣ ጾመኛ። ጾመኛ አብራ ልትበላ አትችልም። ሀጃ ቀን ቀን አፏን ዘጋች። «ሀበሺያዬ ስትመጣ እበላለሁ» ትል እንደነበር የበሩ ዘበኛ ለዝናሽ ነግሯታል። በስኳር ላይ ባዶ ሆድ ተጨምሮ፣ ዒድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዝናሽ ለቅሶ ሄዳ ከግንቡ ውጭ ቆማ አልቅሳ ተመለሰች። ከወራት በኋላ ሲት ኢቅባል በገበያ አገኘቻት። መጀመሪያ ያየችው ፊቷን አልነበረም፣ ሆዷን ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አስወረድሽው? አላህ ይቅር ይበልሽ» ብላት አለፈች። ዝናሽ ይህንን ስትነግረኝ አልሳቀችም። ያለፈ ነገሯን ያለ ሳቅ ስታወራ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዶክተር ፌንግ እርጉዝ ሊሆን ይችላል ያለችውን ሆድ ዳግመኛ አልነካም አለች። ክንዷ ጆሮዋን የነካው ያን ዕለት ብቻ ሆነ። ወር ሳይሞላ ወደ ነበረበት ወረደ፣ ቆየት ብሎም ከዚያ በታች ደረቀ። እሷም ወደ ማዮ ተመልሳ በአንድ እጅ ልብስ ማጠብ ጀመረች።

እኔስ ያን ሁሉ ያደረግሁለት ሥራ? አንድ ዓመት ቆየልኝ። ጦርነቱ ሲነሳ ዶክተር ፌንግ በመጀመሪያው ሳምንት ከአገሯ ሰዎች ጋር ወጣች፤ ክሊኒኩም ተዘረፈ። አል-ጣኢፍ ሰው አልባ ሆነች። ነገሩ በረድ ሲል መርፌና ጥጥ ተርፎ ቢሆን ብዬ ወደ ክሊኒኩ ሄጄ ነበር። ያገኘሁት የተበተነ ወረቀት ነው፤ አምስቱ ጥያቄዎች፣ ከሥር የእኔ ፊርማ። የዝናሽን አልፈለግሁም። ሳልፈልግ እንዳላገኘው ፈርቼ በፍጥነት ወጣሁ።

ዝናሽም ከማዮ ተፈናቅላ አሁን እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ ናት፤ ከቤቴ ሦስት መንገድ አልፎ። ባለፈው ሳምንት የውኃ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ጀሪካኗን በግራ እጇ ይዛለች። ከኋላዋ በቅርቡ ከገዳሪፍ የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ቆመዋል። እኔን ስታይ ፊቷ በራ።

«እኒህን ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ?» አለቻቸው። «እኔ በሐሰት ስከሰስ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ በፈረንጅኛ የተሟገቱልኝ እሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል አላስቀሩም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሁለቱም በአክብሮት እጅ ነሱኝ። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፈትኩ። «ዝናሽ፣ ያን ቀን እኔ...» አልኩ።

«ይተዉት ጋሽ ሰይፈ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። በግራ እጇ የቀኟን ክርን ያዘች፤ ሕመሙ ግንባሯን እያኮማተረው ቀስ እያለች ወደ ላይ ገፋችው። መዳፏን በእኔ አቅጣጫ ዘርግታ፣ «ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ፤ እንደ ሥራዎ ይስጥዎ» ብላ መረቀችኝ።

«አሜን» አልኩ።